ዝግጁነት የሚሸጥበት ገበያ

ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በእኛ አቆጣጠር የ2009 የመስቀል በዓል ማግስት ነበር። በዚያ ዕለት ከቀኑ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ በደቡብ አውስትራሊያ ግዛት ሁለት አውሎ ነፋሶች ከዋና ከተማዋ ከአዴላይድ በስተሰሜን ያሉትን የከፍተኛ ኃይል መስመሮች መቱ። ከ20 የሚበልጡ የብረት ማማዎች ተጣምመው ወደቁ። የመስመሩ ቮልቴጅ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ ወረደ። ዘጠኝ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ቮልቴጁ ደጋግሞ ሲዋዥቅ ራሳቸውን እንዲጠብቁ ተደርገው የተዘጋጁ ስለነበሩ ምርታቸውን ቀነሱ፤ በሰከንዶች ውስጥ 456 ሜጋ ዋት ጠፋ። ጉድለቱን ለመሙላት ከጎረቤቷ ከቪክቶሪያ ግዛት በሚመጣው መስመር ላይ ከአቅሙ በላይ ኃይል ጎረፈ፤ መከላከያውም መስመሩን ቆረጠው። ግዛቲቱ ብቻዋን ቀረች። በውስጧ የቀሩት ማመንጫዎች የሕዝቡን ፍላጎት መሸከም አልቻሉም፤ 850 ሺህ ገደማ ደንበኞች ያሏት ደቡብ አውስትራሊያ በሙሉ ጨለመች።

አዴላይድ ውስጥ የትራፊክ መብራቶች ጠፉ፤ ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት እየደረሰ ስለነበር መንገዱ ተዘጋጋ። ከተማዋ በዚያው ምሽት ቀስ በቀስ መብራት አገኘች፤ በሰሜን ያሉ አንዳንድ አካባቢዎች ግን ለቀናት ጨለማ ውስጥ ቆዩ። ክርክሩ የተጀመረው መብራቱ በቅጡ ሳይመለስ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ፖለቲከኞች ጣታቸውን ወደ ነፋስ ተርባይኖች ቀሰሩ፤ ግዛቲቱ በዚያን ጊዜ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ 40 በመቶ ገደማው ከነፋስ የሚገኝ ነበርና። የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ማመንጫዋም ፖርት ኦገስታ ላይ ከተዘጋ ገና ጥቂት ወራት ነበር የሆነው። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ገበያ ኦፕሬተር መርምሮ የደረሰበት ግን ሌላ ነው። ማማዎቹን የጣላቸው ማዕበሉ ነው፤ ተርባይኖቹ የቀነሱትም ነፋስ አንሷቸው ሳይሆን ማንም ልብ ያላለው የመከላከያ ቅንብር ስለነበራቸው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኤሌክትሪክ መስመር ኃይልን አያጠራቅምም። በዚህች ሰከንድ የሚመነጨው በዚህች ሰከንድ መበላት አለበት። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ የመስመሩ ፍሪኩዌንሲ 50 ሄርዝ ላይ ይቆማል፤ በአውስትራሊያም፣ በአውሮፓም፣ በእኛም አገር እንዲሁ ነው። ፍጆታው ከምርቱ ሲበልጥ ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል፤ ምርቱ ሲበልጥ ይወጣል። ከልኩ አብዝቶ ከራቀ ማመንጫዎች ራሳቸውን ለማዳን አንድ በአንድ ከመስመሩ ይወጣሉ፤ አንዱ በወጣ ቁጥር የቀሩት ጫና ይብስና አገር ይጨልማል። በቀድሞው ዘመን ይህን ሚዛን የሚጠብቁት የከሰል፣ የጋዝና የውኃ ማመንጫዎች ነበሩ። በመቶዎች ቶን የሚመዝነው የሚሽከረከር አካላቸው ድንጋጤውን ለጥቂት ሰከንድ ይውጠዋል፤ ከዚያ ኦፕሬተሩ እንፋሎቱን ወይም ውኃውን ይጨምራል። አገልግሎቱ ከኤሌክትሪኩ ጋር አብሮ ይመጣ ስለነበር ዋጋውን ለይቶ የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም። ነፋስና ፀሐይ የከሰሉን ቦታ ሲወስዱ ግን ርካሽ ኤሌክትሪክ ይዘው መጡ እንጂ ይህን አገልግሎት በራሳቸው ይዘው አልመጡም። ስለዚህ ለብቻው መገዛት ጀመረ፤ መገዛት ሲጀምር ደግሞ ሻጭ ተገኘ።

ሻጩ የሚሸጠው ኃይል አይደለም ማለት ይቻላል። የሚሸጠው ሲጠሩት መድረሱን ነው። የሰፈር ዘበኛን ደመወዝ የምንከፍለው በያዘው ሌባ ቁጥር አይደለም፤ ሌሊቱን ነቅቶ በማደሩ ነው። ዘበኛው ሌሊቱን ሙሉ ምንም ባያጋጥመው ደመወዙ አይቀነስም፤ ተኝቶ ከተገኘ ግን ሌባ ባይመጣም ጥፋተኛ ነው። የዚህ ንግድ ሥነ ምግባርና ሕግ በሙሉ ከዚህ ይነሳል።

ጀምስታውን ላይ የቆመው ባትሪ

በማርች 2017 የቴስላ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኢሎን መስክ፣ አውስትራሊያዊው የሶፍትዌር ባለሀብት ማይክ ካነን ብሩክስ በትዊተር ላቀረበለት ጥያቄ፣ ውል ከተፈረመ በ100 ቀናት ውስጥ ለደቡብ አውስትራሊያ ግዙፍ ባትሪ ተክሎ ካላስረከበ በነጻ እንደሚሰጥ ቃል ገባ። የዓለም ጋዜጦች ይህን ውርርድ ሲያራግቡ ከረሙ። የአገሪቱ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ስኮት ሞሪሰን ግን ፕሮጀክቱን በአውስትራሊያ መንገድ ዳር ለቱሪስት መሳቢያ ከተተከለው ግዙፍ የሙዝ ሐውልት ጋር እያወዳደሩ አጣጣሉት። ባትሪው ከአዴላይድ በስተሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው፣ ስንዴና በግ በሚበዛባት ጀምስታውን አጠገብ፣ ከሆርንስዴል የነፋስ ኃይል ጣቢያ ጎን ተተከለ፤ በዲሴምበር 1 ቀን 2017 ሥራ ጀመረ። አቅሙ 100 ሜጋ ዋት፣ የሚይዘው ኃይል 129 ሜጋ ዋት ሰዓት ነበር፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ በዓይነቱ ትልቁ።

ከውርርዱ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ውሉ ነው። ባትሪውን የገነባው ቴስላ ቢሆንም ባለቤቱ ኔኦን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። የግዛቲቱ መንግሥት ባትሪውን አልገዛውም። ከባትሪው አቅም ሰባ ሜጋ ዋቱን፣ ከያዘው ኃይል ደግሞ 10 ሜጋ ዋት ሰዓቱን ብቻ፣ ለአደጋ ጊዜ ተከራየ፤ ለዚህም በዓመት 4 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር፣ ለአሥር ዓመት ሊከፍል ተስማማ። ሰባ ሜጋ ዋት ለአሥር ደቂቃ እንኳ አይዘልቅም። ግን ዓላማው ከተማ ማብራት አልነበረም፤ ሌሎች ማመንጫዎች እስኪነሱ ድረስ ፍሪኩዌንሲውን መያዝ ነበር። የቀረውን ሠላሳ ሜጋ ዋትና 119 ሜጋ ዋት ሰዓት ኔኦን እንደ ነጋዴ ይጠቀምበት ጀመር፦ ኤሌክትሪክ ሲረክስ ይሞላል፣ ሲወደድ ይሸጣል። አንድ ዕቃ፣ ሁለት ገበያ፤ አንዱ የቋሚ ኪራይ ገቢ ሲሰጠው፣ ሌላው ደግሞ ዕድሉንና ብልሃቱን የሚሞክርበት ሜዳ ሆነለት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዲሴምበር 14 ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ በቪክቶሪያ የሚገኘው የሎይ ያንግ የከሰል ማመንጫ አንድ ክፍል በድንገት ወጣና 560 ሜጋ ዋት ጠፋ። ከዚያ እጅግ ርቆ የሚገኘው የሆርንስዴል ባትሪ ፍሪኩዌንሲው መውረዱን አውቆ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ 7 ሜጋ ዋት ያህል ለቀቀ። ለዚያ አገልግሎት ተከፍሎት የነበረው በኩዊንስላንድ የሚገኝ የከሰል ማመንጫ ሥራውን የጀመረው ከባትሪው ሰከንዶች ዘግይቶ ነው። ሰባት ሜጋ ዋት በዚያ ሰፊ መስመር ላይ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ፍጥነቱ ግን የገበያውን ሰዎች ሁሉ ዓይን ገለጠ።

ከዚያ በፊት በደቡብ አውስትራሊያ ይህን የፍሪኩዌንሲ አገልግሎት የሚሸጡት ጥቂት የጋዝ ማመንጫዎች ነበሩ፤ ሌላ አማራጭ በሌለበት ሰዓት ዋጋውን ሰማይ ይሰቅሉት ነበር። ባትሪው ሲገባ ያ ጊዜ አበቃ። ኦሬኮን የተባለው አማካሪ ድርጅት ባካሄደው ግምገማ መሠረት የገበያው ተሳታፊዎች በመጀመሪያው ዓመት ወደ 40 ሚሊዮን፣ በ2019 ደግሞ 116 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ወጪ ተርፎላቸዋል። ባትሪው ራሱ የፈጀው 90 ሚሊዮን ገደማ ነው። በ2020 አቅሙ ወደ 150 ሜጋ ዋት አደገ።

ታሪኩ ግን ሙሉ የሚሆነው የ2022ቱ ፍርድ ሲጨመርበት ነው። የአገሪቱ ኢነርጂ ተቆጣጣሪ የባትሪውን ድርጅት ፍርድ ቤት አቆመው። ክሱ ድርጅቱ በ2019 ለወራት ያህል፣ ቢጠራ ሊሰጠው ለማይችለው አገልግሎት ዝግጁ ነኝ እያለ ክፍያ ተቀብሏል የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ 900 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣ። በዚያ ጉድለት ምክንያት አገር አልጨለመም፤ ቅጣቱ ግን ተገቢ ነበር እላለሁ። ዝግጁነት በሚሸጥበት ገበያ ከመዋሸት የከፋ ጥፋት የለም፤ ውሸቱ የሚታወቀው መብራቱ በሚጠፋበት ሌሊት ነውና።

ተራራ ውስጥ ያለ ነጋዴ

ርካሹን ገዝቶ ውዱን መሸጥ ከባትሪ በፊት የነበረ ንግድ ነው። በሰሜን ዌልስ፣ ኤሊዲር ፋውር የሚባል ተራራ ሆድ ውስጥ በ1984 ሥራ የጀመረው የዲኖርዊግ ጣቢያ 1,728 ሜጋ ዋት አቅም አለው። ሌሊት፣ ኤሌክትሪክ ሲረክስ፣ ውኃውን ከታችኛው ሐይቅ ወደ ላይኛው ይገፋል፤ ፍላጎት ሲንር በተርባይን በኩል መልሶ ይለቀዋል። ተዘጋጅቶ ከቆመበት 1,320 ሜጋ ዋት ለመድረስ አሥራ ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል። ጁላይ 4 ቀን 1990 እንግሊዝና ምዕራብ ጀርመን በዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የፍጹም ቅጣት ምት ተመታትተው ሲያበቁ፣ እንግሊዞች ተሸንፈው ከሶፋቸው ተነሱና የሻይ ማፍያቸውን ለኮሱ፤ የአገሪቱ ፍጆታ በደቂቃዎች ውስጥ 2,800 ሜጋ ዋት ዘለለ። እንዲህ ላለው ሰዓት ነው ዲኖርዊግ የተሠራው።

የዛሬው ልዩነት መጠኑ ነው። ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ፀሐይ በሞላበት ቀትር የኤሌክትሪክ የጅምላ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ሕጉ በሜጋ ዋት ሰዓት ከዜሮ በታች እስከ አንድ ሺህ ዶላር ድረስ እንዲወርድ ይፈቅዳል። ከዜሮ በታች ማለት፣ ኤሌክትሪክ የሚወስድልህ ሰው ክፍያ ይቀበላል ማለት ነው። ማታ ሰው እቤቱ ሲገባና ፀሐይ ስትጠልቅ ዋጋው ይሰቀላል። በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት የባትሪው ትርፍ ነው።

ችግሩም እዚያው ነው ያለው። ሁለተኛው ባትሪ ሲመጣ ቀትር ላይ ተጨማሪ ገዢ፣ ማታ ላይ ተጨማሪ ሻጭ ይሆናል፤ ስፋቱ ይጠብባል። የፍሪኩዌንሲው ገበያ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ የሚፈለገው መጠን ትንሽ ስለሆነ ጥቂት መቶ ሜጋ ዋት ባትሪ ያጥለቀልቀዋል። ብሪታንያ ይህን በ2023 አየች። የፍሪኩዌንሲ አገልግሎት ዋጋ ወደቀ፤ ባትሪ ብቻ ይዘው በአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ ድርጅቶች ገቢያቸው ተመታ። ከእነሱ አንዱ የሆነው የግሬሻም ሃውስ የባትሪ ፈንድ በ2024 መጀመሪያ የትርፍ ክፍፍሉን አቆመ። በዚያው ዓመት ደግሞ ብዙዎቹን ባትሪዎቹን ለሁለት ዓመት ለኤሌክትሪክ አከፋፋዩ ለኦክቶፐስ ኢነርጂ በቋሚ ክፍያ የሚያከራይ ውል ፈረመ። ኦክቶፐስ ባትሪውን መቼ መሙላት፣ መቼ መሸጥ እንዳለበት ይወስናል፤ ቢያተርፍም ቢከስርም የእሱ ጉዳይ ነው፤ ባለባትሪው ኪራዩን ይቀበላል።

ይህ ውል በእኔ እምነት የዚህን ንግድ እውነተኛ ቅርጽ ያሳያል። ገበያው ብቻውን፣ ማለትም የዕለቱ ዋጋ ብቻ፣ ለሃያ ዓመት የሚቆም ንብረት ለመገንባት ገንዘብ አያሰባስብም። የሆነ ቦታ ላይ መንግሥት፣ አከፋፋይ ወይም ትልቅ ገዢ፣ ተጠቀምኩበትም አልተጠቀምኩበትም በየወሩ እከፍላለሁ ብሎ መፈረም አለበት። ደቡብ አውስትራሊያ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ካሊፎርኒያም አከፋፋዮች ለምሽቱ ፍላጎት የሚሆን አቅም አስቀድመው በውል እንዲይዙ ታስገድዳለች፤ ከ10 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ ባትሪ የተተከለው በዚህ ግዴታ ጥላ ሥር ነው። ነጻ ገበያ ሁሉን ይፈታዋል የሚሉ ሰዎች ይህን ሐቅ ይዘሉታል።

ባዶ እጅን መሸጥ

ከሁሉ የሚገርመው ምንም ማመንጫና ምንም ባትሪ የሌላቸው ኩባንያዎች ጉዳይ ነው። በጀርመን ኮሎኝ ከተማ በ2009 ሄንድሪክ ዜሚሽና ዮኸን ሽቪል የመሠረቱት ኔክስት ክራፍትቬርከ የራሱ ማመንጫ የለውም። ያለው የመቆጣጠሪያ ክፍል፣ ሶፍትዌርና በየገበሬው የባዮጋዝ ጣቢያ፣ በየፀሐይ እርሻውና በየትንሹ የውኃ ማመንጫ ላይ የሚገጠም አነስተኛ ሳጥን ነው። የከብት ፋንድያ አብላልቶ ጥቂት መቶ ኪሎ ዋት የሚያመነጭ ገበሬ ብቻውን ወደ ኤሌክትሪክ ገበያ መግባት አይችልም፤ ሺህ ገበሬ ሲተባበር ግን የአንድ ትልቅ ማመንጫ ያህል ይከብዳል። ኩባንያው ያስተባብራቸዋል፤ ዋጋ ሲወጣ አምርቱ፣ ሲወድቅ ቀንሱ ይላቸዋል፤ ከተገኘው ትርፍ ድርሻውን ይወስዳል። ንግዱ የሰፋው በብልሃት ብቻ አይደለም። የጀርመን ሕግ በ2014 ተሻሽሎ፣ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆኑ አዳዲስ የታዳሽ ኃይል ጣቢያዎች ምርታቸውን በቀጥታ ገበያ ላይ እንዲሸጡ ስላስገደደ፣ ሁሉም አሻሻጭ ፈለገ። በ2021 የነዳጁ ኩባንያ ሼል ገዛው።

ከዚህም አንድ እርምጃ አልፈው የሄዱት አለመጠቀምን የሚሸጡት ናቸው። በ2001 ቦስተን ላይ የተመሠረተው ኢነርኖክ ወደ ፋብሪካዎች፣ ሱፐርማርኬቶችና ዩኒቨርሲቲዎች እየሄደ፣ መስመሩ በሚጨነቅባቸው በዓመት ጥቂት ሰዓቶች ማቀዝቀዣችሁን ወይም ሞተራችሁን ብትቀንሱ እንከፍላችኋለን አለ። ከሁሉም የሰበሰበውን ቅነሳ ለመስመሩ ኦፕሬተር እንደ ማመንጫ ሸጠው። ማመንጫዎቹ ተቆጡ፤ ምንም ያላመረተ ሰው እንደ እኛ እንዴት ይከፈለዋል ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በጃንዋሪ 2016 ፍርድ ቤቱ 6 ለ 2 በሆነ ድምፅ የአለመጠቀምን ሽያጭ ሕጋዊነት አጸና። በሚቀጥለው ዓመት የጣሊያኑ ኤኔል ኢነርኖክን ገዛው።

ያልተበላ ኤሌክትሪክ እንዴት ይለካል? ቆጣሪ የሚያነበው የተበላውን ነው። ስለዚህ ደንበኛው በተለመደው ቀን ምን ያህል ይጠቀም እንደነበር ይሰላል፤ ክፍያው ከዚያ መነሻ ላይ የቀነሰው ልክ ነው። መነሻውን ማጋነን ማለት ታዲያ ገንዘብ ማተም ነው። በሜይን ክፍለ ግዛት ረምፎርድ የተባለ የወረቀት ፋብሪካ፣ መነሻው በሚለካባቸው ቀናት የራሱን ጀኔሬተር አሳንሶ ከመስመሩ አብዝቶ ገዝቷል፤ በኋላም ወደ ልማዱ ሲመለስ ቀነስኩ ብሎ ተከፍሎታል በሚል ተከሶ በ2013 አሥር ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። ቅነሳን ከመግዛት ይልቅ መቆጣጠሩ እንደሚከብድ ያን ጊዜ ብዙዎች ገባቸው።

ብሪታንያ ይህን ሐሳብ ወደ ሳሎን አስገባችው። በ2022 ክረምት የጋዝ እጥረት ሲያሰጋ የመስመሩ ኦፕሬተር አንድ ቤተሰብ ምሽት ላይ ለቀነሳት ለእያንዳንዷ ኪሎ ዋት ሰዓት ቢያንስ 3 ፓውንድ የሚከፍልበት አሠራር ጀመረ። ጃንዋሪ 23 ቀን 2023፣ ብርድና ጉም በበዛበት፣ ነፋስም በሌለበት ሰኞ፣ ከምሽቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ቤተሰቦች የልብስ ማጠቢያቸውን አቆዩ፣ ምድጃቸውን አጠፉ። በዚያ ክረምት 1.6 ሚሊዮን ቤቶችና ድርጅቶች ተሳትፈው 3,300 ሜጋ ዋት ሰዓት ገደማ ቆጠቡ። ለመጀመሪያ ሙከራ መልካም ነው። የሚያሳስበኝ ግን ብዙ የሚቀንሰው ብዙ ያለው መሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናና ትልቅ ማሞቂያ ያለው ሰው በአንድ ሰዓት ቅነሳ ጥሩ ያገኛል፤ አንድ አምፖልና አንድ ማንቆርቆሪያ ያላት አሮጊት የምትቀንሰው የላትም።

ሰውን ከገበያው ዋጋ ጋር ያለ ከለላ ፊት ለፊት ማገናኘት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ቴክሳስ አሳይታለች። ግሪዲ የተባለው አከፋፋይ ደንበኞቹን በጅምላው ዋጋ በቀጥታ ያስከፍል ነበር፤ በጥሩ ቀን ርካሽ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 በረዶና ቅዝቃዜ ሲመታ የጅምላ ዋጋው በሜጋ ዋት ሰዓት 9 ሺህ ዶላር ላይ ለቀናት ቆመ። ለጥቂት ቀን ኤሌክትሪክ በሺዎች ዶላር የተጠየቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ኩባንያው በወሩ ኪሳራ አወጀ። ሊቀንስ የማይችልን ሰው በዋጋ መግረፍ ቅነሳን መግዛት አይባልም።

በዚያችው ቴክሳስ ራየት የተባለው የቢትኮይን ኩባንያ በኦገስት 2023 ሙቀቱ በበረታ ጊዜ ማሽኖቹን አጥፍቶ 31.7 ሚሊዮን ዶላር የኤሌክትሪክ ክሬዲት አገኘ። በዚያ ወር ያመረተው 333 ቢትኮይን ከዚህ በጣም ያነሰ ዋጋ ነበረው። ከመሥራት ይልቅ ባለመሥራት አተረፈ ማለት ነው። ቴክሳሶች ስለዚህ አሁንም ይከራከራሉ። እኔም ሳስበው፣ ማሽኑ ሲጠፋ ለመስመሩ ጥቅም እንዳለው አልክድም፤ ግን ያን ያህል ገንዘብ የሚያስከፍል ጥቅም መሆኑን ሕዝቡ ፈርዶ የተቀበለው አይመስለኝም።

በእኛ ደጅ

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለው እፈራለሁ። በየዓመቱ በበዓል ዋዜማ ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የሚወጣውን ማስታወቂያ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ከፍተኛ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ከእንዲህ ሰዓት እስከ እንዲህ ሰዓት ሥራ እንዲያቆሙ ይጠየቃሉ። የአንድ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይፈልጋል፤ በእንቁጣጣሽና በገና ዋዜማ ያ ሁሉ ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲለኮስ መስመሩ ይጨነቃል። ኢነርኖክ በቦስተን እየከፈለ የሸጠውን አገልግሎት የእኛ ፋብሪካዎች በጥሪ ብቻ ሲሰጡ ኖረዋል። ትብብሩ ያስመሰግናል። ግን በነጻ የሚሰጥ ነገር ውል፣ ልኬትና ተጠያቂነት የለውም፤ በበዓል ዋዜማ ካልሆነም አይገኝም። አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ በየምሽቱ ለሁለት ሰዓት ወፍጮውን እንዲያቆም በታሪፍ ቅናሽ ቢዋዋል፣ ለፋብሪካውም ለመስመሩም ጥቅም ነው። የቤት ታሪፋችንም ምን ያህል እንደተጠቀምን እንጂ በየትኛው ሰዓት እንደተጠቀምን አይለይም። በሌሊት እንጀራ የሚጋግር ነጋዴና በምሽቱ ጭንቅ ሰዓት የሚጋግር እኩል ይከፍላሉ።

ትልቁ ሀብታችን ግን ግድቦቻችን ናቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም አለው። የውኃ ተርባይን በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል፣ ይወርዳል፤ አዳማና አሸጎዳ ላይ ነፋስ በበረታ ሰዓት ውኃውን ይዞ፣ ነፋሱ ሲደክም መልቀቅ ይቻላል። በእርግጥ ገደብ አለው፦ ዝናብ ሲያንስ ግድብ ይጎድላል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ የጊቤ 3 ውኃ ቀንሶ በፈረቃ መብራት ያገኘንበትን ጊዜ ያልረሳ ሁሉ ይህን ያውቃል። ቢሆንም በአካባቢያችን ይህን ያህል ፈጣን አቅም የያዘ ሌላ አገር የለም።

ጎረቤታችን ኬንያም ትፈልገዋለች። ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 310 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ጣቢያ አላት። በኦገስት 25 ቀን 2023 ምሽት የአገሪቱ መስመር ሲወድቅ የናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር ጨልሞ ነበር። አከፋፋዩ ከነፋስ ጣቢያው የጠፋውን ኃይል ምክንያት ሲያደርግ፣ ጣቢያው በበኩሉ ያስወጣኝ የመስመሩ የቮልቴጅ መናር ነው አለ። የደቡብ አውስትራሊያን ክርክር ያነበበ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ሱስዋ የሚደርሰው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውና 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም የሚችለው መስመር ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ለኬንያ 200 ሜጋ ዋት ማቅረብ ጀምሯል። ሲነገር የምንሰማው ዋጋ ግን የኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ነው፤ 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ። ኬንያ የነፋስ ኃይሏ ሲወርድ በደቂቃ የምንደርስላት ከሆነ፣ ያ መድረሳችን ከምንሸጠው ኤሌክትሪክ ተለይቶ ዋጋ ሊወጣለት የሚገባ ዕቃ ነው። ኬንያም አትጎዳም፤ ለዚሁ ሥራ አዲስ የዲዝል ማመንጫ ከምታቆም ይረክስላታል።

ስለ ቢትኮይን ማሽኖቹም መናገር አለብኝ። ባለፉት ዓመታት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ አብዛኞቹ ቻይናውያን ለሆኑ ሃያ ገደማ ኩባንያዎች በኪሎ ዋት ሰዓት ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም ብዙም በማይበልጥ ዋጋ ኃይል ሸጧል። የውጭ ምንዛሪው ያስፈልገናል፤ ገዢ አጥቶ የሚባክን ኃይል ከመጣል መሸጥም ይሻላል። ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ኤሌክትሪክ በሌለበት አገር ግን እነዚህ ማሽኖች የሚያዋጡን በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ የምሽቱ ጭንቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ እንዲሆኑ፣ ለዚህም እንደ ቴክሳስ ሚሊዮኖች ሳይጠይቁን፣ ርካሹ ዋጋ ራሱ የመጥፋታቸው ክፍያ ሆኖ በውላቸው ሲጻፍ። በዚያ መንገድ ካልታሰሩ ከሰፈር መብራት ጋር የሚሻሙ ባለገንዘቦች ይሆናሉ።

ጀርመኖች ያስተማሩን አንድ ነገር ደግሞ አለ። በአገራቸው ያሉት አራቱ የመስመር ኦፕሬተሮች መጠባበቂያቸውን በጋራ ማስተዳደር ሲጀምሩ፣ ነፋስና ፀሐይ እየበዛ እንኳ የሚያስፈልጋቸው መጠባበቂያ ቀነሰ፤ ለነጋዴዎቹ ኪሳራ፣ ለሕዝቡ ትርፍ። የእኛ አካባቢም የራሱ ጥምረት አለው፤ በ2005 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ትስስር ጽሕፈት ቤት የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። የጅቡቲ፣ የሱዳንና የኬንያ መስመሮች ከእኛ ጋር ተያይዘዋል። የትስስሩ የጋራ ገበያ ሲጀመር ሕጎቹ የኪሎ ዋት ሰዓትን ብቻ የሚያገበያዩ ከሆነ ግድቦቻችን ከሚሰጡት ጥቅም ትልቁ ክፍል ሳይከፈልበት ይቀራል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። የሚቀጥለው የጎረቤት ሽያጭ ውል ሲታደስ፣ የሚቀጥለው የነፋስ ጣቢያ ሲፈረም፣ የሚቀጥለው የፋብሪካ ታሪፍ ሲወጣ፣ የዝግጁነት ዋጋ በራሱ አንቀጽና በራሱ ቁጥር ይጻፍ፤ የሚለካበት ቆጣሪና ሲጠሩት ላልደረሰ የሚጣለው ቅጣትም አብሮ ይጻፍ።